የቅጠል ሸክም የደገፈችው ልጅ

ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመሩት ሴትዮዋ ናቸው።

«ጫማሽ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ከየት ነው ልጄ?»

«ከእንጦጦ ጫካ ነው እማማ። በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ክረምቱን አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆችን ካምፕ ወስደን እናጫውታለን፣ እናስጠናለን።»

«ተባረኪ! ታዲያ ምነው ከፋሽ?»

«ዛሬ ልጆቹን በሰልፍ ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከመች ሴት ቁልቁል መጣች። አንዷ ልጅ ከሰልፍ ወጥታ ሮጠችና ሸክሙን ከኋላ ደገፈችላት። እኔ ደግሞ ‹ሰው አትረብሺ፣ ተመለሺ!› ብዬ ጮህኩባት።»

«ሴትየዋስ?»

«‹ሂጂ፣ ቲቸር የምትልሽን ስሚ› ብላት አለፈች።»

«ደግ ብላለች።»

«ሁሌ ልጅቷን የምትወስዳት እህቷ ነበረች። ዛሬ ከሰዓት ግን ያቺው ሴት ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ መጣች። እናቷ ናት እማማ።»

«እኔን!»

«‹ዛሬ አስቸገረችሽ አይደል?› አለችኝ። አስተባባሪያችን ደግሞ ልጅቷ እንዳታፍር ከነገ ጀምሮ በሌላ መንገድ እንውጣ አለ።»

«ማን አፈረ? ያፈረ ልጅ ይደበቃል እንጂ ሮጦ ሸክም ይደግፋል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በዚያው መንገድ ውጡ። ነገም ከሮጠች አትጥሪያት።»

እናቴ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሎ ስትሸጥ በጓሮ በር እወጣ የነበርኩት እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።