ምሶሶው ነው የመታኝ

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የማይተዋወቁ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። እናትየዋ የልጅቷን ክንድ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«ማነው እንዲህ ያበለዘሽ?»

«ምሶሶ ነው፣ እማማ።»

«እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ምሶሶ ነው እያልኩ ነው ሃያ ዓመት የኖርኩት። ባልሽ ነው?»

«ኧረ ባል የለኝም። ዳንስ እየተማርኩ ነው።»

«ከምሶሶ ጋር?»

«ስልኬ ላይ የቆመ ብረት ይዘው ሲደንሱ አየሁ። እኔ ብረት ስለሌለኝ በቤታችን ምሶሶ እለማመዳለሁ። በእጅ ጨብጦ፣ በጉልበት ቆልፎ መዞር ነው። ግን ያንሸራትተኛል።»

«እጅሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ቫዝሊን። እንዳይልጠኝ ብዬ።»

«ቫዝሊን ተቀብቶ ምሶሶ ይጨበጣል? አመድ ነው እንጂ። እኛ ከጉድጓድ ስንቀዳ ገመዱ እንዳያመልጠን እጃችንን በአመድ ነበር የምናሸው።»

«አመድ። እሺ።»

«ደግሞ የቤቱን ምሶሶ ተይው፣ ጣራው ይወርድብሻል። ለብቻው እንጨት ትከይ። ልጡን ላጪው፣ አንድ ክንድ ሙሉ ቅበሪው።»

«በአንድ እጄ ስንጠለጠል ነው የምወድቀው።»

«በሁለት ያዢ። አውራ ጣትሽን ከስር አዙሪው።»

ልጅቷ አየሩን ጨብጣ ሞከረችው።

«የእርስዎስ ምሶሶ፣ እማማ? አሁን የት አለ?»

«ከነቤቱ ትቼው ወጣሁ። ወራጅ አለ፣ ሾፌር።»

ዋጃ እስክንደርስ ከፊቴ ያለውን የወንበር ብረት በሁለት እጄ ይዤ፣ አውራ ጣቴን ከስር አዙሬ ተቀመጥኩ።