ለሲስተር ፈጠነችና ለሐሙስ ሰዎቿ

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች፣ እንግዶቻችን፣ እናንተም የግፊትና የስኳር ታካሚዎች፤ «ሲስተር በጡረታ ስትሄድ ሐሙስ ይቀራል ወይ?» እያላችሁ ከጠዋት ጀምሮ የያዛችሁኝ፣ እኔን አንጁሎን ትንሽ ታገሡኝ። መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ላንሳ።

በሰማንያ ዘጠኝ፣ ዝናብ እየጣለ፣ አንዲት ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ካርድ ክፍል መስኮቴ ላይ ቆመች። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋት። ስሟን ጠየቅኩ፣ ካርድ አወጣሁላት፣ «አግዳሚው ላይ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች! ተራዋ ደርሶ የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «ምንሽን ያምሻል?» ሲላት፣
«እኔ ደህና ነኝ፤ እኚህ እናት ግን እግራቸው አብጧል፣ ይቅደሙኝ» አለችው።
«ቆይ፣ አንቺ ማነሽ?»
«ከሶዶ የተመደብኩት ነርስ።»
«ታዲያ ምን ያሰልፍሻል?»
ወደ እኔ መስኮት ጠቆመች። እኔማ ያልወደቀ እስክሪብቶ ጠረጴዛ ሥር እየፈለግሁ ነበር።

ያኔ ለወባ ዝግጁ ነበርን፤ ለወሊድና ለክትባትም እንደ አቅማችን። ለግፊትና ለስኳር ግን ምን ነበረን? አንድ መለኪያ፣ እሱም የማዋለጃ ክፍሉ። ግፊት የሀብታም በሽታ ይመስለን ነበር። ገበሬ ማሳው ላይ ሲወድቅ «ክፉ ነገር መታው» ብለን እናለቅሳለን እንጂ ክንዱን ማን ለካ?

ሲስተር ያመጣችብንን ልማድ ታውቁታላችሁ። ሰው በድንገት ወድቆ ሲሞት ለቅሶ ትሄዳለች፤ ታለቅሳለች፣ ታጽናናለች፤ በሦስተኛው ቀን መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ የሟቹን ወንድሞችና እህቶች ትለካለች። እዚያው ድንኳን ውስጥ! በመጀመሪያው ቀን አብሬያት ነበርኩ፤ ምነው መሬት በዋጠችኝ አልኩ። ከወንድሞቹ አንዱ ተነሥቶ፣
«ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ክሊኒክ?» ብሎ ጮኸ።
«ወንድምህን ቀበርን» አለችው ቀስ ብላ። «ለአንተም ድንኳን ሳይተከል እጅህን አምጣ።»
ያኔ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዳልጮ፣ እኚሁ ከፊት የተቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉ። በዚያ ሰማይ በነካ ግፊት እንዴት በእግራቸው ቆመው ቀባሪ እንዳስተናገዱ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጋሽ ዳልጮም ቀላል ሰው አይደሉም። ራስ ምታቱ ሲተዋቸው ለግፊቱ ከታዘዘላቸው የቀረውን ክኒን ለባለቤታቸው ሰጡ። «እሷንም ራሷን ያማታል፤ ክኒኑ ደግሞ ጥሩ ክኒን ነው» አሉ። «ጋሽ ዳልጮ፣ ክኒን እንደ ቅቤ ለሰው ይታደላል እንዴ?» አለች ሲስተር። ሐሙስ የተጀመረው ከዚያ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን መጥቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ መድኃኒቱን መዋጡን እየተናገረ ይለካል። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቤት ለቤት ስትዞር ደግሞ ጥሬ ሥጋውንና ጨው የበዛበትን ዳጣ የሚደብቀው ሰው ብዛቱ! አቶ ሚልክያስ፣ እርስዎም ኃላፊያችን ሆነው ደብቀዋል፤ ሳህኑን ከጀርባዬ የያዝኩልዎ እኔ ነኝ።

በአንድ ግምገማ ላይ «ይሄ ሐሙስ የምትዪው ነገር ዕቅድ ውስጥ የለም» ተባለች። «ሰዎቹም የሚወድቁት ያለ ዕቅድ ነው» ብላ ተቀመጠች። ነጥቧ ዝቅ አለ፤ ሐሙስ ግን ቀጠለ።

አሁን የቤቴን ላንሳ። ባለቤቴ ብርሃኔ ስኳር እንዳለባት የደረሰችበት ፈጠነች ናት። ኢንሱሊኑ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ እኛ ቤት ፍሪጅ ቀርቶ መብራት አልነበረም። የሸክላ ማሰሮ ገዝታ መጣች፣ እርጥብ አሸዋ ሞላችበት፣ ብልቃጡን መሃሉ አስቀመጠችና «ይኸው ፍሪጃችሁ፤ ውሃ እንዳታስጠሙት» አለችን። ብርሃኔ ልጆቿን ዳረች፣ የልጅ ልጅ አቀፈች። ካረፈች በኋላ በጸሎቴ «ለምን ወሰድክብኝ?» ስል ብዙ ቆየሁ። አንድ ቀን ግን ጥያቄዬን ራሱን መረመርኩት። ያን ሁሉ ዘመን በማን እጅ እንዳቆየልኝ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ምስጋናው ይቀድማል፤ ፈጠነች፣ ስምሽም እዚያ ውስጥ ይጠራል።

ባለፈው ሐሙስ ጋሽ ዳልጮ «ካንቺ በኋላ ክንዴን ለማን ልስጥ?» ሲሉሽ መለኪያውን አጣጠፍሽ፣ ፈታሽ፣ መልሰሽ አጣጠፍሽ። አየሁሽ። ስለዚህ ትናንት አንቺ ሳትኖሪ ተሰበሰብን። አቶ ሚልክያስ ሐሙስን ዕቅድ ውስጥ አስገቡ። መድኃኒቱ አሁንም ይቆራረጣል፤ እሱን አልዋሽሽም። መለኪያውን ግን ነርስ ሜላት ተረከበች። «ለቅሶ ቤትስ?» ስንላት፣ «የመጀመሪያውን ቀን ጋሽ አንጁሎ አብረውኝ ይምጡ» አለች።

እሄዳለሁ።

በሉ ብርጭቆ እናንሳ። ስኳር ያለባችሁ ውሃውን፤ ሚሪንዳው ላይ እጃችሁን እንዳላይ! ፈጠነች፣ ለሰው የሮጠ እግርሽን ጌታ ያጽናው፤ ዘመንሽን በልጆችሽ መካከል ያለምልመው። ለጤናሽ!

ነገ ሐሙስ ነው። ጋሽ ዳልጮ፣ በጊዜ ይምጡ። አንቺ ግን እስኪበቃሽ ተኚ።