ሮካልታን ያወረደው ልጃችን

የተከበሩ አባታችን አባ ኤጂዲዮ፣ የተከበሩ ከንቲባችን፣ የሟች ባለቤት ሲኞራ ሎሬዳና፣ ልጁ ኢላሪያ፣ ከፖርቶ ሴሬኖ ድረስ የመጣችሁ የቀድሞ ባልደረቦቹ፣ እናንተም የሮካልታ ሰዎች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ያጽናን።

ሲልቫኖ እባላለሁ። ትልልቆቹ ታውቁኛላችሁ፤ ለልጆቹ ነው የምናገረው። ክለባችን በትልቁ ሊግ በሴሪ አ በተጫወተባት በዚያች አንዲት ዓመት ግብ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ንግግር አላውቅም። ግብ ጠባቂ ዕድሜውን ሙሉ የሚናገረው «ውጡ» እና «ተዉት» ነው። ሎሬዳና ግን «አንተ ተናገር» አለችኝ። ለምን እኔ ስላት፣ «ጎሉን ያገባው ባንተ ላይ ስለሆነ» አለችኝ። ይኸው ቆምኩ።

ዛሬ የምንቀብረው ኦሬስቴ ባልዳሪን ነው። ሮካልታ የተወለደ። ሮካልታ ሱቅ የነበረው። ሮካልታ የሞተ። ሮካልታንም ከሴሪ አ ያወረደ። ይቺን የመጨረሻዋን ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አዞራችሁ። አየኋችሁ። ሳላነሳው ልለፍ? አርባ ዓመት ስትናገሩት የኖራችሁት እሱን ሆኖ ሳለ፣ በአስከሬኑ ፊት ለምን ዝም እንላለን?

እስቲ ያቺን ዓመት አስታውሷት። ያኔ ጋዜጦቹ «ሮካልታ ደግሞ የት ነው?» ብለው ጻፉብን። አንድ ቅዳሜ የትልቁ ክለብ አውቶብስ በከተማችን መግቢያ፣ በሳን ቢያጆ በር አላልፍ አለ። ቅስቱ ጠበበው። በፎቶ ብቻ የምናውቃቸው ሰዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በአትክልት ገበያው መሃል በእግራቸው መጡ። የኦሬስቴ እናት ሲኞራ ኤልቪራ በመስኮታቸው ሆነው፣ አገር ምድሩ የሚያውቀውን አጥቂ አስቆሙት። «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? እናት የለህም እንዴ?» አሉት። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። በነጋታው ሁለት ጎል አገባብኝ። ትኬት ያላገኘ ወይራ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያይ ነበር። መነኮሳይያቱ ሳይቀሩ በገዳሙ ሰገነት ሆነው ይከታተሉን ነበር፤ አባ ኤጂዲዮ ይሄን አልሰሙም። በጥር ጭቃ፣ በየካቲት ውርጭ፣ አንድ አንድ ነጥብ እየለቀምን ግንቦት ደረስን።

የመጨረሻው እሁድ መጣ። ሜዳው የኛ። ተጋጣሚያችን ፖርቶ ሴሬኖ። እኛ አቻ ከወጣን እንተርፋለን። እነሱ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የሚጨመርላቸው የለ፣ የሚቀነስባቸው የለ። አጥቂያቸው ማን ነበር? ኦሬስቴ። የኛው ልጅ።

የኛው ልጅ እዚያ ምን ይሠራል የምትሉ ወጣቶች ካላችሁ፣ እኛው ነን የሸጥነው። ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ክለቡ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሲንከላወስ ሸጥነው፤ በተሸጠበትም ገንዘብ የምሥራቁን መቀመጫ ጣሪያ አለበስነው። በዚያ እሁድ ፀሐይ ሳይነካችሁ ቁጭ ብላችሁ የሰደባችሁት በራሱ ጣሪያ ሥር ነው።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር አለ። የዓመቱ የመጨረሻ እሁድ ላይ የጠገበ ቡድን የራበውን አይገፋም። ኳሷን ወዲያና ወዲህ ይላላካሉ፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ተጨባብጠው ቤታቸው ይገባሉ። ሮካልታም እንደዚያ ይሆናል ብላ ሐሳቧን ጣለች። ለደስታው የታረደው አሳማ ከጠዋት ጀምሮ አደባባይ ላይ ይጠበሳል። «ተረፍን» የሚለው ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ገና ሳንጫወት።

በዋዜማው የክለቡ ፕሬዚዳንት ፋልኮኒ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ትሪ የክሬም ኬክ ይዞ ሲኞራ ኤልቪራ ቤት ሄደ። ይሄን የሰማሁት ከራሳቸው ከሲኞራ ነው።

«እማማ፣ ለኦሬስቴ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አላቸው።

«ምን ልንገረው?»

«ነገ ብዙ እንዳይደክም።»

«ምነው፣ ታሟል እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ ይገባዎታል እኮ።»

«ይገባኛል እንጂ። ልጅ ሆነህ ከበለስ ዛፌ ላይ ያወረድኩህ እኔ ነኝ፤ ያኔም ሳትጠይቅ ነበር የምትለቅመው። ኦሬስቴ የፖርቶ ሴሬኖን ደሞዝ እየበላ የናንተን ሥራ አይሠራም። ኬኩን ግን አስቀምጠው፤ እንግዳ ይመጣብኛል።»

ፋልኮኒ ከዚህ ሁሉ ምን ሰማ? ኬኩን ብቻ። እሁድ መልበሻ ክፍል ገብቶ፣ «ኤልቪራ ትሪውን ተቀብላለች። ልጁ አይመታም። ተረጋጉ» አለን። እኛ ዘንድ ትሪ የተቀበለ እሺ አለ ማለት ነው። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ባዶ ለባዶ ነበርን። ኳሷ ከመሃል ተነስታ ለኦሬስቴ ደረሰችው። ተከላካያችን መንገዱን ለቀቀለት። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ቆሞ ጫማውን እያየ ነው። ወደ ኋላ ይመልሳታል ብሎ ነው። ከናንተስ ማን ያልመሰለው አለ? ኦሬስቴ አልመለሳትም። ቀና ብሎ አየኝ። በግራ እግሩ፣ ወደ ሩቁ ጥግ። ተወረወርኩ። ጣቴ የነካት መስሎኝ ነበር። አልነካትም። መረቡ ሲንሿሿ ሰማሁት፤ ስታዲየሙ በሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እሱም እጁን አላነሳም፣ አልጨፈረም። ጀርባውን ሰጥቶን ቀስ እያለ ወደ መሃል ሄደ። ከዚያ የናንተ ፉጨት መጣ። ወረድን። እስከ ዛሬም አልተመለስንም።

አሳማውን የሚበላ ጠፋ። በማግስቱ የሲኞራ ኤልቪራ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ጡት ነካሽ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ እያየ፣ ሲኞራ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። አነበቡት። «ጡቱ የኔ ነው። አልተነከስኩም» አሉና ደጃፋቸውን መጥረግ ቀጠሉ። ጽሑፉንም አላስጠፉትም። ዝናብ ነው ያጠፋው፤ ብዙ ክረምት ፈጅቶበታል።

ኦሬስቴ ኳስ ሲያቆም የት መሄድ ይችል ነበር? ፖርቶ ሴሬኖ ቤት ሊሰጡት ነበር፤ ከባሕሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ኮፍያውን የሚያነሳለት ሰፈር። እናቱ አልጋ ላይ ወደቁ። ልጃቸው መጣ። ሎሬዳናን ይዞ መጣና ምስማርና ቀለም፣ የበር ማጠፊያና ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። እኛስ? አንድ ብሎን ለመግዛት መኪና አስነስቶ ተራራ የሚሻገር ሕዝብ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ እናንተን።

በጣም የቸኮለው ደግሞ የአባ ኤጂዲዮን ቤት የምትይዘውን ፒዬሪናን ይልካል። እሷ ኳስ አታውቅም፤ ኩርፊያው አይመለከታትም። የሰፈሩን ሁሉ ማጠፊያ በዘንቢል እየገዛች ታከፋፍል ነበር። አንድ ቀን ኦሬስቴ ዕቃውን እየጠቀለለላት፣ «ፒዬሪና፣ እንደው ለመሆኑ የአባ ቤት ስንት በር ነው ያለው?» አላት። «እኔ ምን አውቄ፣ እግዚአብሔር ቤቱን እያሰፋው ነው» አለችው። አባ እየሳቁ ነው። ይሳቁ፤ ኦሬስቴም ሲያወራው ይስቅ ነበር። ኢላሪያ ግን አልሳቀችም። እሷ ትምህርት ቤት «የከሃዲው ልጅ» እየተባለች ነው ያደገችው። ይሄ አያስቅም። ይሄ ያሳፍራል።

እኔ ከወረድን በኋላ ወደ ደቡብ ተሸጬ ነበር። ኳስ አቁሜ ስመለስ ቱሊዮ ቡና ቤት ገባሁ። ሰው ሁሉ ካርታ ይጫወታል። ኦሬስቴ ጥግ ላይ ብቻውን ካርታውን ለራሱ ይደረድራል። ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቱሊዮ ከባንኮኒው ሆኖ ጠራኝ።

«ሲልቫኖ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ከሰው ሁሉ አንተ ነህ ከሱ ጋር የምትቀመጠው? አንተ?»

«ቱሊዮ፣ ጎሉ የገባው እኔ ላይ ነው። አንተ ላይ የገባ ነገር አለ?»

ቱሊዮ፣ አትደበቅ፤ ያልከው ነው። ቡናውን ግን አመጣህልን፤ እሱንም አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ተጫወትን። ያንን እሁድ አናነሳውም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት። ካርታውን እየበወዘ ነበር። «ለምን መታሃት?» አልኩት። ቀና አላለም። «እዚያኛው ከተማም ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ» አለኝ። ካርታውን ሰጠኝ፤ ተጫወትን።

ነገሩ እውነት ነው። እኛ ስንወርድ አንድ ሌላ ቡድን ተርፏል። የእነዚያ ሰዎች ዕጣ በኦሬስቴ እግር ላይ ነበር። እነሱ የእናቱን ቤት አያውቁ፣ ኬክ አልላኩ። እንዲያው በሩቁ፣ የማያውቁት ሰው ሥራውን በትክክል እንዲሠራ ነው የጠበቁት። ሮካልታዎች፣ ሬዲዮውን የያዝነው እኛ ብንሆን ኖሮስ? ሁለት ቡድን ኳስ ሲላላክ፣ እኛ ስንወርድ ብንሰማ ምን እንላቸው ነበር? ሌቦች እንላቸው ነበር። እስከ ዛሬም አንለቃቸውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኦሬስቴ የተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። ሎሬዳና ውሃ ልታመጣ ስትወጣ እጄን ያዘኝ። የዚያ ሰው እጅ እንዲህ ይከሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ሲልቫኖ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቀኝ።»

«ያን ቀን ላንተም ነግረውህ ነበር? አይመታም ብለው?»

«ነግረውኝ ነበር።»

ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወገኖቼ፣ ይሄን ሰው አርባ ዓመት እንቅልፍ የነሳው ፉጨታችሁ አልነበረም። የግድግዳው ጽሑፍም አልነበረም። «ሲልቫኖ አምኖኝ ቆሞ ይሆን? አይመታም ብሎ እጁን ባወረደ ሰው ላይ መትቼ ይሆን?» የሚለው ነበር። እንደዚያ ከሆነ ያ ጎል አይደለማ። ጓደኛን ተኝቶ እያለ መምታት ነው። መልሱን ስለፈራ ነው በየቀኑ ፊት ለፊቴ እየተቀመጠ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ያልጠየቀኝ።

«ኦሬስቴ» አልኩት፤ «ነግረውኝ ነበር። አላመንኳቸውም።»

«ለምን?»

«በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንጫወት አንድ ቀን ራርተህልኝ ታውቃለህ? አስለቅሰኸኝ አልነበር የምታገባው? ይመታል ብዬ ነው የቆምኩት። ባለኝ አቅም ሁሉ ተወርውሬያለሁ። አልደረስኩባትም።»

ዓይኑን ገለጠ።

«እንግዲያው ጥሩ ጎል ነበር» አለኝ።

«ጥሩ ጎል ነበር» አልኩት።

እንባው በጆሮው በኩል ወረደ፣ እየሳቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ አረፈ።

ይሄን ለምን አወራኋችሁ? ለራሴም ብዬ ነው። ያን ዓመት ስንት ኳስ አድኛለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ታነሱልኛላችሁ። ኦሬስቴ ያን ቀን ቢምረኝ ኖሮ፣ ባዳንኳቸውስ ኳሶች ማን ምሮኝ ይሆን እያልኩ አረጅ ነበር። እሱ ግን አልማረኝም። እንደ ግብ ጠባቂ ቆጠረኝ። ብንተርፍ ኖሮ ያቺ ዓመት የፋልኮኒ ትሪ ትሆን ነበር። አሁን የኛ ናት። በእግራችን ወጣን፣ በእግራችን ወረድን፤ ማንም የሰጠን የለም።

በዚህ አገር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ ይጨበጨብለታል። ለዳቦ ጋጋሪው አጨበጨብን። ለፋልኮኒ አጨበጨብን። ዛሬ ጠዋት ኦሬስቴ ሲወጣ የተሸካሚዎቹን ኮቴ ብቻ ነው የሰማሁት። አልፈርድባችሁም። አርባ ዓመት የታጠፈ እጅ በአንድ ጠዋት አይዘረጋም። ግን ሎሬዳናም ያንን ኮቴ ሰምታለች። ኢላሪያም ሰምታለች። አሁን ሳጥኑ ሲወርድ እኔ አጨበጭባለሁ። አብሮኝ የሚያጨበጭብ ቢኖርም ባይኖርም።

ኦሬስቴ፣ ወንድሜ። እናትህ አጠገብ ነው ያስቀመጥንህ። ሱቁን ኢላሪያ ትከፍተዋለች፤ የመጀመሪያውን ምስማር እኔ እገዛለሁ፣ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ። ካርታው ቱሊዮ ጋ አለ፤ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ እስካገኝ ይከብደኛል፣ ልዋሽህ አልችልም። ለዚህ ከተማ ማንም ያልሰጣትን ሰጠሃት፤ እውነተኛ ሽንፈት። አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን፣ የሮካልታ ልጅ።

በሉ፣ ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት።