ሎሚው ማለዳ ይጨመቃል

ወይዘሮ አለሚቱ አስረስ ከአባታቸው ከአቶ አስረስ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ይመር በ1967 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ፣ ግራና ተወለዱ። መርሳ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በመስኖ የሚያለሙትን ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ወልድያ ገበያ እያደረሱ ይሸጡ ነበር፤ በወልድያና በመርሳ መካከል መኪና ከሚያሽከረክሩት ከአቶ ወንድሙ ካሳ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ መንገድ ነው። በ1989 ዓ.ም. ተጋብተው ወልድያ ጎጆ ወጡ፤ ቃልኪዳንና ትንሳኤ የተባሉ ሁለት ልጆችም አፈሩ።

አቶ ወንድሙ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታውቆ ዓይናቸው መፍዘዝ በጀመረ ጊዜ፣ ወይዘሮ አለሚቱ የባለቤታቸውን ብርሃን ለሕመም አሳልፈው ላለመስጠት ቆረጡ። ምስሩንና ማሾውን ቀቅለው፣ ጎመኑንና ካሮቱን ከትፈው፣ የነገውን ሰላጣ ማታውኑ በምሳ ዕቃ ማሰናዳት ያዙ። የመጀመሪያው፣ ጨውና ሎሚ ከማታ ስለገባበት፣ ጠውልጎና ውሃ አቁሮ አደረ፤ ከዚያ ወዲህ «ሎሚው ማለዳ ይጨመቃል» የቤታቸው ሕግ ሆነ።

መርሳ መናኸሪያ ግን የሥራ ባልደረባቸው አቶ ጁነይድ «ወንድሙ፣ ዛሬም ድርቆሽ ታጨደልህ?» እያሉ ይቀልዱ ስለነበር፣ አቶ ወንድሙ አፍረው ምሳ ዕቃውን ከወንበር ሥር ትተው ሥጋ ቤት ይገቡ ጀመር። ምሳው ሳይነካ መመለሱን ያዩት ወይዘሮ አለሚቱ ሳይቆጡና ሳያኮርፉ፣ በማግስቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘው ጋቢና ተቀመጡ፤ መርሳ ሲደርሱም አንዱን ለባለቤታቸው፣ ሁለተኛውን ለቀልደኛው ከፍተው «ጁነይዴ፣ ድርቆሹን ቅመስና ፍረድ» አሉ። አቶ ጁነይድ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ፤ አጣጥመውም ጨረሱ፤ በማግስቱ የራሳቸውን ምሳ ዕቃ እንዲሞላላቸው ላኩ። ከዓመት በኋላ የወልድያና የመርሳ ሾፌሮች፣ ሲሪንቃ የሚሠሩትም ጭምር፣ ምሳቸውን ከወይዘሮ አለሚቱ ዘንድ ይወስዱ ነበር። የአቶ ወንድሙም ዓይን ይኸው እስከ ዛሬ መንገዱን ያያል።

ወይዘሮ አለሚቱ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ሊነጋጋ ሲል በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። አቶ ወንድሙ እህል አልቀምስም፣ መድኃኒትም አልወስድም ብለው ዋሉ። ልጆቻቸው ለምነው ሲያቅታቸው፣ ማታ ከማቀዝቀዣው እናታቸው ከማረፋቸው በፊት አሰናድተውት የነበረውን ምሳ ዕቃ አወጡ፤ በላዩ ያልተቆረጠ ሎሚ ነበረበት። አቶ ወንድሙ ሎሚውን በእጃቸው ጨምቀው፣ ሳያስተርፉ በሉ።

ወይዘሮ አለሚቱ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ማዕድ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ሎሚውን በየማለዳው የሚጨምቁበት ጽናት ይስጥልን። አሜን።