በቃሬዛ ላይ የተነሣ የመንገድ ክርክር

ባለፈው ኅዳር፣ ከማስተምርበት ቀበሌ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስሄድ፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከኋላዬ ደረሱብኝ። የተኙበት አቶ ይታየው ናቸው፤ ከበቅሎ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሯል። እኚህ ሽማግሌ «በማሳዬ አያልፍም» ብለው ወደ ቀበሌያችን የሚገባውን የመኪና መንገድ ሥራ ያስቆሙ ሰው ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ፣ የጤና ኬላችን ባለሙያ ጽናት፣ ከጎናቸው ትራመዳለች። እኔም ትከሻዬን ሰጥቼ አብሬ ተጓዝኩ።

«ጋሼ፣ መንገዱ ቢኖር ይኸኔ አምቡላንስ ደጅዎ ድረስ በመጣ ነበር» አለች ጽናት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህም አትተዪኝም? መኪና የገባበት አገር የበግ ሌባ ይገባበታል!»

«አምና የተነዱብዎት በጎች መኪና ተሳፍረው ነው እንዴ የሄዱት?»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ሽማግሌው ግን አልተረቱም።

«ይሁን። እኔ እንደሁ ሰው አላጣሁም፤ ይኸው ጎረቤት ተሸክሞኛል። መንገድ ሲመጣ መረዳዳት ይቀራል።»

ይህ ንግግራቸው የሚናቅ አልነበረም።

በዚህ መካከል በጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። ከፊት የያዘው ወንድምአገኝ አሁንም አሁንም ወደ ኋላው ይዞራል።

«ምን ያቅበጠብጥሃል? ቀጥ አድርገህ ያዘኝ እንጂ!» አሉት አቶ ይታየው።

«ምንም የለ፣ ጋሼ።»

«ገብሱን አውድማ ላይ እንደበተነ ነው የመጣው» አለች ጽናት ቀስ ብላ። «ሌሎቹም እንደዚሁ።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ወንድምአገኝ ጋቢውን አውልቆ ሽማግሌውን አለበሳቸው።

«አስቀምጡኝ! ሂዱና ገብሳችሁን አንሡ!» ብለው ሊነሡ ሲሞክሩ በሕመም ጮኹ። ማንም አልተመለሰም፤ እንዲያውም ሩጫ በሚመስል እርምጃ ገሠገሡ።

መሐል ሜዳ ደርሰን ሐኪም ቤቱ በር ላይ አቶ ይታየው የወንድምአገኝን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ጎረቤትነት መሸከም ብቻ ይመስለኝ ነበር። በጎረቤት ላይ ሸክም አለማብዛትም ጎረቤትነት ኖሯል።» ወደ ጽናት ዞሩ። «ለቀበሌው ንገሪልኝ፤ የማሳዬን ካብ አፍርሰው መንገዱን ያሳልፉት። እኔ እስክድን አይጠብቁ።»

የወንድምአገኝ ገብስ በስብሶ ቀረ። ለከርሞ የሚዘራውን ዘር አቶ ይታየው ከጎተራቸው ሰጡት።

መንገዱ ከክረምት በፊት አለቀ። ዛሬ በገበያ ቀን ሚኒባስ ይመጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት ሳትንገላታ ሐኪም ዘንድ ትደርሳለች፤ መሐል ሜዳ የሚማሩት ልጆች ቅዳሜ ቤታቸው ይገባሉ። መረዳዳቱም አልቀረም፤ ጎርፍ መንገዱን ሲሸረሽረው በደቦ የሚጠግኑት እነዚያው ተሸካሚዎች ናቸው። አቶ ይታየውም ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «እዚህ ጋ ድንጋይ ጎድሏል! ኧረ ቶሎ በሉ፣ መኪናው ሊመጣ ነው!» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧቸዋል።