ከየሺ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ የሰማሁት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ከደርግ ወዲህ ያለውን ማለቴ ነው፣ ቡሬ ላይ ወፍጮ መትከል ትልቅ ነገር ነበር። እኔም ሁለቱን በሬዎቼን ሸጬ ተከልሁ። ታዲያ ወይዘሮ የሺ የምትባል ሴት ከእኔ በታች ሌላ ወፍጮ ተከለችና ሰዉ ወደ እሷ ወረደ፣ ወረደ፣ እና እኔ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ማየት ሆነ ሥራዬ።

ባለቤቴ አንጓች፣ "በሬዎቹም ሄዱ፣ ወፍጮውም ሊሄድ ነው፤ በምን ልናርስ ነው?" ትለኛለች።

"አይዘጋም" አልኋት። እልህ ያዘኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የየሺ ሠራተኛ መጣና፣ "ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ካሰቡልኝ የቤቱን ምስጢር አወጣልዎታለሁ" አለኝ።

"እሷን የሸጠ እኔን ይምረኛል? ሂድ" አልሁት።

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጤፍ በአህያ ጭኜ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እዚያው የሺ ቤት ሄጄ ተሰለፍሁ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ፣ "የላይኛውን ወፍጮ ለምን ተውሽው?" ትላለች። የላይኛው እኔ ነኝ እንግዲህ።

"ተይኝ እቴ፤ በርበሬ በፈጨበት ጤፍ ይፈጫል። ልጆቼ እንጀራውን እየበሉ አለቀሱ። ሰውየው ደግ ነው፣ እንዴት ብዬ ልንገረው? ይሉኝታ ያዘኝ።"

ስንት ጊዜ እኔ ዘንድ ያስፈጨች ደንበኛዬ ናት። ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ፣ "አሁን ነገርሽኝ፣ እግዜር ይስጥሽ" አልኋት። ሴትዮዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የሺ ሰምታ ወጣች። "ጋሼ፣ ሊሰልሉኝ ነው የመጡት?"

"ላስፈጭም ላይም ነው የመጣሁት" አልኋት።

ትንሽ አየችኝና፣ "እንግዲያው ተራዎ ሲደርስ ገብተው ይዩት" አለች። ገባሁ። ሁለት ወፍጮ ነው፤ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለበርበሬ፣ መሃላቸው ግድግዳ። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ቤቴ ገብቼ አንጓችን፣ "ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ አንፈጭም" አልኋት።

"የሚያበላን እኮ በርበሬው ነው" አለች።

"ይቅር።" ድንጋዩን አውጥቼ ሦስት ቀን አጠብሁ፣ ጣራው ሳይቀር አጠብሁ። ከዚያ በየደጁ ዞሬ፣ "ጤፍ ብቻ ነው የምፈጨው፤ ቅመሱና ፍረዱኝ" አልሁ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሴት ቢመጣ ነው። ለፋሲካ ግን ደጄ ሞላ፤ በርበሬ የያዘውን ወደ የሺ እልካለሁ፣ እሷም ሰልፍ ሲበዛባት ጤፉን ወደ እኔ ትልካለች።

ነጋዴ የራሱን ጉድለት የሚያውቀው ከሌላው ሰልፍ ቆሞ ነው፣ ልጆቼ።

ሽማግሌው ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ከአድማጮቹ አንዷ፣ "አባባ፣ ጋቢዎን ባይገልጡት ኖሮ እኮ ሌላም ጉድ ይሰሙ ነበር" አለቻቸው።

እሳቸውም ሳቁና፣ "ሌላ እንዳልሰማ ፈርቼ ነው እንጂ፣ ለምን የገለጥሁት ይመስልሻል?" አሉ።