ለእናት መደብ የሌለው ፕሮግራም

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ታክሲው የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ያወሩ ነበር። ባልየው ስልኩን ያሳያታል።

«የቤታችንን ወጪ ከኮምፒውተሩ ፕሮግራም አውጥቼ ወደዚህ አዛወርሁት። ይኼኛው ይሻላል፤ ምክርም ይሰጣል።»

«ምን ብሎ መከረህ?»

«‹ልዩ ልዩ› የሚለው ወጪ በዝቷል፣ በግማሽ ቀንሱ አለኝ። እቀንሳለሁ።»

«እሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ለእማዬ በየወሩ የምንሰጣት ነው።»

«ያ አላህ! እናትህን ልዩ ልዩ ውስጥ ከተትካት?»

«በድሮው ፕሮግራም የራሷ መደብ ነበራት። እዚህ ያለው ምግብ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርትና መዝናኛ ነው። የት ላስገባት?»

«የሠራው ሰው እናት የለውም እንዴ?»

«አትሳቂብኝ። ዛሬ ቦሩ ሜዳ ቤቷ ስንደርስ ግማሹን ነው የምሰጣት።»

«ምን ብለህ? ስልኬ ከለከለኝ ልትላት ነው?»

ባልየው ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

«አዲስ መደብ መክፈት አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው ክፈትላት። ከኪራዩም በላይ አድርጋት።»

«ከምግቡስ?»

«ከምግቡም በላይ። መቀነስ ካማረህ መዝናኛው አለልህ፤ ጫትህን ከዚያ ቀንስ።»

ሳቀ። ስልኩን ጥቂት ነካካና፣ «ይኸው ገባች። ሙሉውን እሰጣታለሁ» አለ።

«አሁን ምክር ሰማህ።»

በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ በልቤ ተመስገን አልሁ።